ከካሬው በፊት መግቢያው፦ የመኖሪያ ቦታን ለሁለት ስለመክፈል የተደረገ ንግግር

እንደምን አላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ጠበብ ያለ ነው። አንድ ቤተሰብ ቤት ያረፈበት የመኖሪያ ቦታ አለው፤ ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ግቢ ተርፏል። ያንን ከፍሎ ለልጅ ማውረስ፣ መሸጥ ወይም ሁለተኛ ቤት መሥራት ይፈልጋል። ጥያቄው ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ «ቦታዬ 800 ካሬ ነው፤ ደንቡ ትንሹ 300 ይላል፤ ታዲያ ይከፈላል አይደል?»

መልሱ «ገና አናውቅም» ነው። በደንቡ ውስጥ ካሉት መለኪያዎች ሁሉ ለማሟላት የሚቀለው ስፋት ነው። ጥያቄዎች የሚሰናከሉት በመግቢያው፣ በፍሳሹና ነባሩ ቤት በቆመበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ ካሬ ሜትሩን ወደ ጎን አድርገን ከመግቢያው እንጀምራለን።

አንድ ነገር ላስቀድም። ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሂውስተን በ1998 እ.ኤ.አ. በመሀል ከተማዋ የአንድን ቤት ቦታ ዝቅተኛ ስፋት ከ5,000 ወደ 1,400 ስኩዌር ፊት አወረደችው፤ ከ465 ካሬ ሜትር ወደ 130 ገደማ ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቦታ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ከ1,200 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ከ111 ካሬ ሜትር ገደማ፣ እንዳያንስ፤ ትንሹም ክፍል ከዋናው ቦታ 40 በመቶ በታች እንዳይሆን ተደንግጓል። ዛሬ ለስሌት የምጠቀምባቸውን ቁጥሮች ለማሳያ ያህል ያዟቸው። የራሳችሁን ከራሳችሁ የፕላን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ውሰዱ፤ በቃል የተነገረ ቁጥር በኋላ ማንንም አይጠብቅም።

እንግዲህ ቦታውን እንሳለው። ፊቱ መንገድ ላይ 20 ሜትር፣ ወደ ኋላ 40 ሜትር፤ 800 ካሬ። ደንቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ ዝቅተኛ ስፋት 300 ካሬ፤ ቤት ከፊት ወሰኑ፣ ማለትም ከመንገዱ ወይም ከመግቢያው መጨረሻ፣ 4 ሜትር፣ ከጎን ወሰን 1.5 ሜትር፣ ከኋላ ወሰን 3 ሜትር ይራቅ፤ ግንባታ ከቦታው ከግማሽ በላይ አይሸፍን፤ ለኋላው ቦታ የሚተወው መግቢያ 4 ሜትር ይሁን። ነባሩ ቤት 12 በ12 ሜትር ነው፤ ከመንገድ 5 ሜትር ገባ ብሎ ቆሟል።

አሁን ቤቱ በስተግራ ወይስ በመሀል እንደቆመ ጠይቁ። ልክ በመሀል ከሆነ በግራም በቀኝም 4 ሜትር ይተርፋል። ለመግቢያው 4 ሜትሩን ስትወስዱ አዲሱ ወሰን የቤቱን ግድግዳ ይነካል። 1.5 ሜትሩ የለም፤ መስኮቶቹ በሌላ ሰው ቦታ ላይ ይከፈታሉ፤ የክዳኑ ጠርዝና አሸንዳው ወሰኑን ተሻግሮ ይንጠለጠላል። 800 ካሬ እያለ ነገሩ እዚያው አበቃ። ቤቱ ከግራ ወሰን 2 ሜትር ላይ ቆሞ በቀኝ 6 ሜትር ተርፎ ቢሆን ግን፣ ከመግቢያው በኋላ 2 ሜትር ይቀራል፤ ያልፋል። ያው ስፋት፣ ያው ቤት፤ የለየው የሁለት ሜትር ፈቀቅታ ብቻ ነው። ስትለኩ ታዲያ ከግድግዳው ብቻ ሳይሆን ከክዳኑ ጠርዝም ለኩ። ክዳኑ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ካለ 2 ሜትሩ 1.4 ሆነ፤ አንዳንድ ደንብ የሚቆጥረው ከግድግዳው ነው፣ አንዳንዱ ከጠርዙ።

የሚያልፈውን ቤት ይዘን እንቀጥል። ቤቱ ከመንገድ 17ኛው ሜትር ላይ ያበቃል፤ ለኋላ ወሰን 3 ሜትር ስንጨምር አዲሱ መስመር 20ኛው ሜትር ላይ ያርፋል። የፊቱ ቦታ 16 በ20፣ 320 ካሬ ይሆናል። ቤቱ 144 ካሬ ስለሆነ ሽፋኑ 45 በመቶ ነው። ጥሩ። ነገር ግን ከቤቱ ጀርባ 10 በ3 የሆነ ሰርቪስ ተቀጥሎ ቢሆንስ? ሽፋኑ 174 ካሬ፣ 54 በመቶ ይሆናል፤ ከኋላ ወሰንም ምንም አልቀረም። ያለው አማራጭ ሰርቪሱን ማፍረስ ወይም መስመሩን ወደ 23ኛው ሜትር መግፋት ነው። ሲገፋ የፊቱ 368 ካሬ፣ የኋላው 432 ካሬ ይሆናል።

432 ሲባል ደስ ይላል። ግን ከዚያ ውስጥ 92 ካሬ መግቢያው ነው፤ 4 በ23። ብዙ ደንብ መግቢያውን ከስፋት ስለማይቆጥር የኋላው ቦታ 340 ነው። ከዚህ ላይ ከፊት 4፣ ከኋላ 3፣ ከሁለቱ ጎን 3 ሜትር ስትቀንሱ ለቤት የሚቀረው 17 በ10 ነው፤ 170 ካሬ፤ የግማሽ ሽፋኑም ልክ ያን ያህል ነው። ወረቀት ላይ ሞላ። ግን መኪና የት ይዞራል? 23 ሜትር ጠባብ መንገድ ውስጥ የኋሊት እየነዱ ወደ አውራ መንገድ መውጣት በብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ የሚፈቀድበትም ቦታ አደገኛ ነው። መኪና ገብቶ፣ ተመልሶ በፊቱ እንዲወጣ ቦታ ከተዋችሁ ቤቱ ይጠባል። ይህን የሚያስብ ሰው ክፍፍሉን ከመወሰኑ በፊት የኋላውን ቤት ንድፍ በእርሳስም ቢሆን ያስነድፋል። ቤት የማይቀመጥበት ቦታ ከፍሎ መሸጥ ክርክር መሸጥ ነው።

መግቢያው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ወገብ እሱ ነው። 4 ሜትር ስንል ከወሰን እስከ ወሰን ነው ወይስ ንጹሕ ማለፊያ? በሁለቱም ጎን 20 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር አጥር ወደ ውስጥ ከተሠራ 3.6 ቀረ፤ የበሩ ዓምዶች ደግሞ ይብስ ያጠቡታል። የእንግሊዝ የእሳት መከላከያ መመሪያ ለእሳት አደጋ መኪና 3.7 ሜትር የመንገድ ስፋትና 3.1 ሜትር የበር ስፋት ይጠይቃል፤ መኪናው ከ20 ሜትር በላይ የኋሊት እንዳይነዳም ይከለክላል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የእሳት ኮድ የሚባለው ደግሞ በመሠረቱ 6.1 ሜትር ይፈልጋል፤ ከ46 ሜትር በላይ የሚረዝም መውጫ የሌለው መንገድም መኪናው የሚዞርበት ሥፍራ እንዲኖረው ያዝዛል።

«መኪናው መንገድ ላይ ይቁም፣ ቱቦው ይዘርጋ» የሚል መልስ አለ። የእንግሊዙ መመሪያ ይህንን ይቀበላል፤ መኪናው ከቆመበት እስከ ማንኛውም የቤቱ ጥግ 45 ሜትር ካላለፈ። በእኛ ምሳሌ የኋላው ቤት የጀርባ ግድግዳ ከመንገድ 37 ሜትር ላይ ነው፤ በማስመሪያ ሲታይ ያልፋል። ቱቦ ግን ግድግዳ አይበሳም። መግቢያው በስተቀኝ ነው፤ ወደ ግራው የጀርባ ጥግ ለመድረስ ሌላ 17 ሜትር ገደማ መጨመር አለበት፤ ከ50 አለፈ። ርቀት የሚለካው ሰው በሚሄድበት መስመር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመግቢያው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ሦስት መንገድ አለ። መግቢያው የኋላው ቦታ አካል ይሆናል፤ ወይም የፊቱ ሆኖ ለኋላው የመተላለፊያ መብት ይሰጠዋል፤ ወይም የጋራ ይሆናል። በእኔ ግምት ሁለት ባለይዞታ ብቻ ካለ የመጀመሪያው ይሻላል፤ የሚጠግነውም፣ የሚከለክለውም አንድ ነው። የፊቱ ሰው በጎን በር ወይም ጋራዥ በኩል የሚጠቀምበት ከሆነ ግን መብቱ በጽሑፍ ይቀመጥለት። የመተላለፊያ መብት የሚሰጥ ከሆነ ጽሑፉ ስፋቱን፣ በእግር ነው በመኪና የሚለውን፣ መኪና አቁሞ መሄድ ይቻላል ወይ የሚለውን፣ የጥገናውን ድርሻ ይዘርዝር፤ ከመሬት በታች ስለሚያልፉ ቱቦዎችና ገመዶችም ይናገር። የመጨረሻው ይረሳል። በመሬቱ ላይ የመተላለፍ መብት ያለው ሰው ሥሩን ቆፍሮ የውኃ መስመር የመቅበር መብት አለው ማለት አይደለም።

የማዕዘን ቦታ ያላቸው ከዚህ ሁሉ ራስ ምታት ይድናሉ፤ ሁለቱም ክፍሎች የየራሳቸው የመንገድ ፊት አላቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አሽከርካሪ እንዲያይ ተብሎ የማዕዘኑ ጫፍ ይቆረጣል። 3 በ3 ከተቆረጠ 4.5 ካሬ ሄደ። ብዙ አይደለም፤ ግን ስፋቱ ልክ ዝቅተኛው ላይ ከሆነ ይጥላል።

መንገድ ስንል የመንገድ ማስፋፊያም አለ። ፕላኑ ፊታችሁ ላይ ያለውን መንገድ በ2 ሜትር እንዲሰፋ ካሰበው፣ ማስፋፊያው ዛሬ ባይሠራም ለክፍፍሉ የሚታየው አዲሱ መስመር ነው። ከ20 ሜትር ፊት ላይ 2 ሜትር ሲነሳ 40 ካሬ ነው። መስመራችንን 20ኛው ሜትር ላይ ካስቀመጥነው የፊቱ ቦታ ከ320 ወደ 288 ወረደ፤ ከዝቅተኛው በታች። ቤቱም ከመንገድ 5 ሜትር የነበረው 3 ሜትር ሆነ። ስለዚህ ፕላን ስትጠይቁ «ምን ዓይነት ቀጠና ነው?» ብላችሁ አትመለሱ። የመንገድ መስመሩን፣ የኃይል ማስተላለፊያ ወይም የትልቅ ቱቦ ኮሪደር መኖሩን፣ የወንዝና የጎርፍ ወሰኑን አብራችሁ ጠይቁ።

ፍሳሽ። ሰው ይህን መጨረሻ ላይ ያስታውሰዋል፤ ውኃ ግን ከፕላን በፊት የራሱን አቅጣጫ የወሰነ ነገር ነው። ቦታው ከመንገድ ወደ ኋላ ዝቅ የሚል ከሆነ ችግሩ ያለው እዚህ ነው። የኋላው ቤት የፍሳሽ መውጫ ከመንገዱ መስመር 35 ሜትር ይርቃል እንበል። ቱቦው መነሻው ላይ ከመሬት ግማሽ ሜትር ጠልቆ ይጀምራል። በየ60 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ቢዘረጋ፣ 35 ሜትር ላይ 58 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ድምሩ ከኋላው መሬት በታች 1.08 ሜትር። የኋላው መሬት ደግሞ ከመንገዱ 80 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ የመንገዱ ፍሳሽ መስመር ቢያንስ 1.88 ሜትር ጥልቀት ላይ መገኘት አለበት። 1.5 ላይ ከሆነ አይገባም። ተዳፋቱን መቀነስ ይፈትናል፤ ነገር ግን ከደንቡ በታች የተዘረጋ ቱቦ ውኃውን እያሳለፈ ደረቁን ያስቀራል፤ ይዘጋል።

ያኔ የሚቀረው ፓምፕ ማስገባት፣ ወይም በስተታች ካለው ጎረቤት በኩል የቧንቧ ማሳለፊያ መብት መጠየቅ ነው። ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል። ጎረቤት እምቢ ሊል ይችላል፤ ቢስማማም የቃል ስምምነት ቤቱ በተሸጠ ማግሥት ይጠፋል። በጣም ርካሹ ምርመራ በመንገዱ ያለውን የፍሳሽ መስመር መቆጣጠሪያ ጉድጓድ፣ የማንሆሉን፣ ክዳን ማንሳትና ጥልቀቱን በሜትር መለካት ነው፤ ከዚያ የግቢውን ከፍታ በሌቭል መሣሪያ ማንበብ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚህ በፊት ለቅየሳም ሆነ ለማመልከቻ ገንዘብ አታውጡ።

የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሴፕቲክ ታንክ ይመጣል፤ ያኔ ዝቅተኛውን ስፋት የሚወስነው ፕላን ሳይሆን አፈር ነው። ታንኩና ፍሳሹ ወደ አፈር የሚሰርግበት ሥፍራ ከቤት፣ ከወሰንና ከውኃ ጉድጓድ መራቅ አለባቸው፤ ማስረጊያው ከውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር መራቁ በብዙ መመሪያ የተለመደ ነው፤ በ20 በ17 ሜትር የኋላ ቦታ ላይ ደግሞ 30 ሜትር የሚገኘው በጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። ነባሩ ቤት የሚጠቀምበት የፍሳሽ ጉድጓድ የት እንዳለም እወቁ። አዘውትሮ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ማለትም ሊከፈል በታሰበው ቦታ ላይ። ከክፍፍሉ በኋላ የአንዱ ፍሳሽ በሌላው መሬት ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። መዛወር አለበት፤ ፍሳሽ መምጠጫ መኪናም እዚያ የሚደርስበት መንገድ ይፈልጋል።

የዝናብ ውኃን አንርሳ። 170 ካሬ ክዳን ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 8.5 ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ ቀድሞ ወደ አፈር ይሰርግ የነበረው። መግቢያው ኮንክሪት ሲለብስ ይጨምራል። ይህን በታች ወዳለው ጎረቤት መልቀቅ በብዙ ደንብ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ልኬቱ። በእጃችሁ ባለው ሰነድ ላይ የተጻፈው 800 መሬት ላይ 800 መሆኑን አትመኑ፤ አጥርንም ወሰን ነው ብላችሁ አትመኑ። ቀያሹ መጀመሪያ የድሮዎቹን የወሰን ድንጋዮች ይፈልጋል፤ ከዚያ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካ መሣሪያ) ወይም በአርቲኬ ጂፒኤስ (ስሕተቱ በሌላ ጣቢያ በሚታረም የሳተላይት መለኪያ) ማዕዘኖቹን ያነባል። እነዚህ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሳሳታሉ። የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታል፤ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ላይ የወርድ ስሕተት 1 ሜትር ቢሆን 40 ካሬ ነው።

በሜትሮ የለካ ሰው ሌላ ወጥመድ አለበት፦ ተዳፋት። የቦታ ስፋት የሚሰላው በአግድም ነው። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ መሬቱን እየዳበሳችሁ 40 ሜትር ብትለኩ አግድሙ 39.2 ነው፤ በ20 ሜትር ወርድ ወደ 16 ካሬ ጠፋ። ማንም አልሰረቀውም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። በኮኦርድኔት፣ ማለትም በካርታ ላይ ባሉ የነጥብ ቁጥሮች፣ የሚሠሩም ይጠንቀቁ። ዩቲኤም የተባለው የካርታ ሥርዓት በመካከለኛ መስመሩ ላይ ርዝመትን በ0.9996 እያባዛ ያሳጥራል፤ ቦታው 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ሌላ ትንሽ ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው ከ800 ካሬ ላይ 1.2 ካሬ ያነሳሉ። ቁጥሩ ያስቃል፤ ሁለት ልክ 400 የሆኑ ቦታዎችን ለማውጣት ለፈለገ ሰው ግን አያስቅም። ስለዚህ መስመራችሁን ዝቅተኛው ላይ አታሳርፉት፤ ጥቂት ካሬ ትርፍ ይኑራችሁ።

ቅርጹ ያልተስተካከለ ሲሆን ደግሞ «መሀል ላይ እንቁረጠው» የሚለው ስሕተት ይመጣል። መንገድ ላይ 24 ሜትር፣ ከኋላ 16 ሜትር፣ ርዝመቱ 40 የሆነ ቦታ አለ እንበል፤ እሱም 800 ካሬ ነው። ሃያኛው ሜትር ላይ ብትቆርጡት የፊቱ 440፣ የኋላው 360 ይሆናል። ወራሾች «እኩል ተካፈልን» ብለው ፈርመው 80 ካሬ ልዩነት ያገኛሉ። እኩል የሚከፍለው መስመር ርዝመት የሚገኘው ሁለቱን ወርዶች እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ለሁለት አካፍሎ ስኩዌር ሩት በማውጣት ነው፦ 576 ሲደመር 256፣ 832፤ ግማሹ 416፤ ሩቱ 20.4። ይህ ወርድ የሚገኘው ከመንገዱ 18 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። በስፋት እኩል መሆን በዋጋ እኩል መሆን አይደለም፤ መግቢያ የተሸከመው የኋላ ቦታና መንገድ ላይ ያለው የፊት ቦታ አንድ ዋጋ የላቸውም። የውርስ ክፍፍል ከሆነ ልዩነቱን በገንዘብ ማካካስ መስመሩን ከማጣመም ይሻላል፤ የተጣመመ መስመር ለዘላለም የአጥር ጠብ ነው።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልቆይም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የፕላን መረጃ፣ ቀጥሎ የማንሆል ጥልቀትና ከፍታ፣ ከዚያ ረቂቅ ንድፍ ይዞ ከፕላን ባለሙያው ጋር መነጋገር፤ ከዚህ በኋላ ነው ሙሉ ቅየሳውና ማመልከቻው። ቦታው በባንክ መያዣ ካለ ባንኩ፣ የጋራ ከሆነ ሁሉም ባለድርሻዎች፣ እገዳ ካለበት ያገደው አካል ፈቃዱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ባንኩ ብዙ ጊዜ ብድሩ በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚቀር ካላወቀ አይፈርምም። ፈቃዱ ሲመጣ ቅድመ ሁኔታ ይዞ ይመጣል፤ መግቢያውን ሥሩ፣ መስመሩን ዘርጉ፣ ሰርቪሱን አፍርሱ ይላል፤ የጊዜ ገደብም አለው። ቅድመ ሁኔታው ተሟልቶ፣ ድንጋዩ ተተክሎ፣ የመጨረሻው ፕላን ተመዝግቦ ሁለት ሰነድ እስኪወጣ ድረስ በሕግ ፊት ያለው አንድ ቦታ ነው። በዚህ መሀል የኋላውን መሸጥ የሌለ ነገር መሸጥ ነው። ገዢ ካለና ካልታገሠ፣ ውሉ የቦታው ክፍፍል መጽደቁን ሁኔታ አድርጎ ይጻፍ፤ ካልጸደቀ ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድም በውሉ ውስጥ ይኑር።

መግቢያው ኮንክሪት ከመልበሱ በፊት የውኃ፣ የመብራትና የስልክ ማሳለፊያ ቱቦዎችን ቅበሩ፤ አንድ ባዶ ቱቦም ጨምሩ። የኋላው ቤት የራሱ ቆጣሪ ይኑረው። ከፊተኛው ቆጣሪ የተቀጠለ መስመር ለጊዜው ተብሎ ይጀመርና ዓመታት ይቆያል፤ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ቦታው ለሁለት ካልተከፈለስ? ስፋቱ በጥቂት ካሬ ካነሰ ከጎረቤት ቁራሽ ገዝቶ ወሰን ማስተካከል ይቻላል፤ ይህ በብዙ ቦታ ከክፍፍል የቀለለ ሥርዓት አለው። መግቢያው ከጠበበ ከጎረቤት ጋር የጋራ መግቢያ ማውጣት ሁለት ጠባብ ቦታዎችን በአንዴ ያድናል። ሁለቱም ካልሆኑ መሬቱን ሳይከፍሉ ቤቶቹን እንደ ጋራ ሕንፃ ክፍሎች ማስመዝገብ በሚፈቀድበት ቦታ ተገቢ መንገድ ነው፤ ከመሬት ክፍፍል ጋር የሚያያዙት የስፋትና የመንገድ ፊት መለኪያዎችም በዚያ ሥርዓት ብዙ ጊዜ አይጠየቁም። በወረቀት ድርሻ ተካፍሎ መሬት ላይ አጥር ማጠር ግን መፍትሔ አይደለም፤ የአንዱ ባለድርሻ ዕዳ ሌላውንም ሊነካ ይችላል።

አዲሶቹን ሰነዶች ስትረከቡ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው። የሁለቱ ስፋት ተደምሮ ከዋናው ጋር ይገጥማል? በጋራው ወሰን ላይ ያሉት ማዕዘኖች በሁለቱም ሰነድ አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው? የመተላለፊያውና የቧንቧው መብት በተጠቃሚው ሰነድ ላይ ብቻ ሳይሆን መብቱን በሰጠው ላይም ተጽፏል? ካልተጻፈ ሳትፈርሙ መልሱት።